መጀመሪያ ኳሱ ወይስ ቀዳዳው? ብረት እንዳይደክም ከሚሸጡ ሕክምናዎች የትኛውን፣ በየትኛው ተራ እንግዛ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የተሰበረ የሻፍት ቁራጭ አለ። ወረቀት እንዳይበር እጭንበታለሁ። የተሰበረበትን ፊት ወደ መስኮት ብታዞሩት ሁለት መልክ ይታያችኋል። አንዱ ወገን ለስለስና ጠቆር ያለ ነው፤ ሐይቅ ሲጎድል ዳርቻው ላይ ጥሎት እንደሚሄደው መስመር ቀጫጭን ቅስቶች አሉበት። ሌላው ወገን ሻካራ ነው፤ የተፈረከሰ ስኳር ይመስላል። ለስላሳው ብረቱ ወራት ፈጅቶ በትንሽ በትንሹ የተሰነጠቀበት ነው። ሻካራው የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት፤ የቀረችው ሥጋ አልችል ብላ ቷ ያለችበት። ቅስቶቹን ወደ ኋላ ብትከተሏቸው ሁሉም አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ አምስት ሚሊሜትር የምትሆን የግሪስ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ።

ያቺን ቀዳዳ የበሳኋት እኔ ነኝ።

ሻፍቱ ከውጭ ሲመጣ ሾት ፒኒንግ የተሠራለት ነበር፤ ቆዳው እንዳይደክም በጥቃቅን ኳሶች ተደብድቧል። ደንበኛው ለዚያ ተጨማሪ ከፍሏል። ከዚያ የግሪስ መግቢያ ፈለገና ወደ እኔ አመጣው። መብሻ ማሽኔ፣ ትራፓኖው ላይ አሰርኩ፣ በሳሁ፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሰውየው የከፈለበትን ነገር በአሥር ደቂቃ እንዳፈረስኩበት የገባኝ ሻፍቱ ተሰብሮ ሲመለስ ነው።

ስለዚህ «ሾት ፒኒንግ ይሻላል ወይስ ናይትራይድ? ቀዳዳውን ማስለጠጥስ ያዋጣል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ትንሽ ጠመም ይላል። (ናይትራይድ ቆዳን በናይትሮጅን ማጠንከር ነው፤ ማስለጠጥ ቀዳዳውን በዘንግ በግድ ማስፋት።) ሁሉም ይሠራሉ። ተራቸው ከተዛባ ግን ሁሉም ገንዘብ ማባከን ናቸው። ዋጋ ስትጠይቁ ከሕክምናው ስም በፊት ተራውን ጠይቁ።

ብረት የሚደክመው የት ነው?

ብረት ከአቅሙ በታች የሆነ ጭነትም ይሰብረዋል፤ ጭነቱ ደጋግሞ ከመጣ። ይህን በሥርዓት ያጠናው ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባቡር አክሰሎች ያለ በቂ ምክንያት እየተሰበሩ ሰው ሲያስቸግሩ። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ አይነሳም። ከቆዳው ነው የሚጀምረው፤ ከጭረት፣ ከዝገት ጉድጓድ፣ ከማዕዘን፣ ከቀዳዳ ከንፈር።

ቀዳዳ ደግሞ ክፉ ነው። ሰፊ ላሜራ መሃል ክብ ቀዳዳ ብትበሱና ላሜራውን ብትጎትቱት፣ የቀዳዳው ጠርዝ የሚሸከመው ውጥረት ራቅ ካለው ቦታ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት ኪርሽ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ሠርቶታል። «ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች?» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የሚባሉት የእንግሊዝ ጄቶች ሁለቱ በወራት ልዩነት ሰማይ ላይ ተበታትነው ሜዲትራኒያን ውስጥ ገቡ። ከመካከላቸው የአንዱ ስብርባሪ ተለቅሞ ሲታይ ስንጥቁ የተነሳው ጣሪያው ላይ ካለ የአንቴና መስኮት ጥግ፣ ከአንዲት ቀዳዳ ጠርዝ ነበር።

ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ሁሉ ዘዴያቸው አንድ ነው። ስንጥቅ የሚከፈተው ብረቱ ሲወጠር ነው። ቆዳውን አስቀድመህ ጭምቅ አድርገህ ካቆየኸው፣ የሚመጣው ውጥረት መጀመሪያ ያንን ጭመቃ መጨረስ አለበት። ጭመቃው ሳያልቅ ስንጥቅ አይከፈትም። ልዩነታቸው ጭመቃው ምን ያህል ይጠልቃል፣ የት ይደርሳል፣ ምንስ ያጠፋዋል የሚለው ላይ ነው።

ሾት ፒኒንግ፦ ሰፊ ግን ቀጭን

ጥቃቅን የብረት፣ የሴራሚክ ወይም የመስታወት ኳሶች በአየር ወይም በሚሽከረከር ጎማ እየተወረወሩ ብረቱን ይደበድባሉ። እያንዳንዱ ኳስ ትንሽ ጉድጓድ ይተዋል። ጉድጓዱ ቆዳውን ለመለጠጥ ይገፋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት አይፈቅድለትም። ቆዳው እንደተጨመቀ ይቀራል።

ጥቅሙ ሰፊ ቦታ ቶሎ መሸፈኑ ነው። ባሌስትራ፣ የሱስፔንሽን ሞላ፣ የማርሽ ጥርስ፣ ሻፍት፣ ሁሉም ይገቡበታል። ጉድለቱ ቀጭን መሆኑ ነው፤ በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊሜትር። ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ከዚያ በላይ ከጠለቀ አልፎት ሄደ ማለት ነው። ቀዳዳ ውስጥም እንደልቡ አይገባም። ጥልቀቷ ከስፋቷ የሚበልጥ ቀዳዳን ከውጭ ሆኖ የሚረጭ አፍንጫ በደንብ አያገኛትም፤ ውስጥ ድረስ የሚገባ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሻጭ «ቀዳዳውንም ጨምረን ነው» ሲላችሁ በምን እንደሚገቡ ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ስለሚያናድደኝ። ሳንድብላስት ሾት ፒኒንግ አይደለም። ሳንድብላስት ዝገትና ቀለም ማጽጃ ነው። የሚረጨው ሹል ነው፤ ይጭራል። ፒኒንግ ክብ ኳስና ቁጥጥር ይፈልጋል። ቁጥጥሩ የሚታወቀው በአልመን ስትሪፕ ነው። የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ የነበረው ጆን አልመን ያመጣት 76 በ19 ሚሊሜትር የሆነች ቀጭን የሞላ ብረት ናት። አንድ ወገኗን ብቻ ይደበድቧታል፤ ከማሰሪያዋ ስትፈታ ትጎብጣለች። የጉብጠቷ መጠን ድብደባው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ሠራን የሚሏችሁ ሰዎች የጎበጠች ስትሪፕ ማሳየት ካልቻሉ የገዛችሁት ሳንድብላስት ሊሆን ይችላል።

ሲበዛም ይጎዳል። ከልክ በላይ የተደበደበ ብረት ቆዳው ይታጠፋል፣ ይላላጣል፤ ስንጥቅ ሊያስቀር የመጣው ራሱ ስንጥቅ ይሆናል።

ቀዳዳን ሳያሞቁ መለጠጥ፦ ጠባብ ግን ጥልቅ

ይህኛው የአውሮፕላን ሰዎች ልጅ ነው። አሠራሩን ያየ ሰው ቀላልነቱ ይገርመዋል። ቀዳዳው መጀመሪያ ከመጨረሻ ልኩ ጠበብ ተደርጎ ይበሳል፤ ሪመር በሚባል የቀዳዳ ማስተካከያም ይለሰልሳል። አንድ ወገኑ የተሰነጠቀ ቀጭን እጅጌ፣ ውስጡ ቅባት ያለው፣ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ጫፉ እየወፈረ የሚሄድ ጠንካራ ዘንግ በሃይድሮሊክ መሣሪያ በእጅጌው ውስጥ ይጎተታል። ዘንጉ ሲያልፍ ቀዳዳው በግድ ይሰፋል። 10 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ ቢሆን ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ያህል። ዘንጉ ሲወጣ ዙሪያው ያለው ብረት ወደ ቦታው ልመለስ ብሎ ቀዳዳውን አንቆ ይይዘዋል።

ያ ማነቅ የሚደርስበትን ርቀት ከፒኒንግ ጋር አስተያዩት። ከቀዳዳው ጠርዝ ተነስቶ የቀዳዳውን ግማሽ ስፋት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። በ10 ሚሊሜትር ቀዳዳ አምስት ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ፒኒንግ ግማሽ ሚሊሜትር ላይ ሲቆም ይሄኛው ገና መንገድ ጀምሯል። የቀዳዳውን ዕድሜ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርሳል ማለት በዚህ ሙያ የተለመደ ነው።

ግን ለቀዳዳው ብቻ ነው። ከቀዳዳው ራቅ ላለው ገጽ ምንም አያደርግም። ጠርዝ አጠገብ ላለ ቀዳዳም አይመችም፤ ከቀዳዳው መሃል እስከ ብረቱ ጫፍ የቀዳዳው ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ቦታ ካልኖረ ጠርዙ ያብጣል። ዘንጉ በሚገባበት ፊትና በሚወጣበት ፊትም እኩል አይሠራም፤ መግቢያው በኩል ጭመቃው ደከም ይላል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ተራው ስንመጣ እንፈልጋታለን። እያንዳንዱ የቀዳዳ መጠን የራሱ ዘንግና እጅጌ ስለሚፈልግ ሁለትና ሦስት ቀዳዳ ብቻ ላለው ሰው መሣሪያው ይከብዳል። ተመሳሳይ ቀዳዳ በመቶ ለሚሠራ ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ ለአንዱ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ደቂቃም አይፈጅም።

የቀሩት፣ ባጭሩ

ሮሊንግ፦ ጠንካራ ሮለር ተጭኖ እየተንከባለለ የሻፍቱን አንገት ይጨምቀዋል። ከፒኒንግ ይጠልቃል፤ ገጹንም ያለሰልሳል። ክብ ለሆነ ነገር፣ በተለይ ለሞተር ክራንክ ሻፍት የአንገት ማዕዘን፣ እኔ ከፒኒንግ አስቀድመዋለሁ። ክብ ላልሆነ ነገር አትጠይቁት።

ናይትራይድ፦ ብረቱ ከ500 እስከ 570 ዲግሪ አካባቢ ባለው ሙቀት ናይትሮጅን ይጠጣል። ቆዳው ይጠነክራል፣ ይጨመቃል፣ መፋቅንም ይቋቋማል። ጋዝ ስለሆነ ቀዳዳ ውስጥም ይገባል፤ ኳሱ የማይደርስበት ይደርሳል። ግን ለዚህ የተስማማ የብረት ዓይነት ይፈልጋል። ተራ ለስላሳ ብረት ይዞ ሄዶ ናይትራይድ አድርጉልኝ ማለት ብዙም አያተርፍም።

ሌዘር ፒኒንግ፦ ከኳስ ይልቅ የሌዘር ምት። ብረቱ ላይ ውሃ ይፈስሳል፤ ሌዘሩ የሚፈጥረው ፍንዳታ ውሃው ሥር ታፍኖ ብረቱን ይመታል። አንድ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የቢ-1 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞተር ምላጮች በተመጠጡ ጠጠሮች ጠርዛቸው እየተጎዳ ሲያስቸግር መፍትሔ የሆነው እሱ ነው። ውድ ነው። ጭነት መኪና ላላችሁ ሰዎች ወሬውን ሰምቶ ማለፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ተራው

መጀመሪያ የእኔን ጥፋት እንየው። ፒኒንግ ቆዳውን ሲጨምቅ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ከሥር ያለው ብረት ይወጠራል። ይህ ግዴታ ነው፤ ጭመቃ ብቻውን አይኖርም። ከፒኒንግ በኋላ ቀዳዳ ስትበሱ፣ ያ የተወጠረ ውስጠኛ ብረት ለቀዳዳው ግድግዳ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ጭምቁን ቆዳ በሳችሁት፣ ውጥሩን ሥጋ አጋለጣችሁት፣ በላዩ ላይ የቀዳዳውን ሦስት እጥፍ ጨመራችሁበት። የእኔዋ ጠርዝ ደግሞ በሞረድ እንኳ አልተነካችም ነበር፤ ከትራፓኖው እንደወጣች ስለታም ናት።

ስለዚህ ቀዳዳው በክፍሉ ላይ ለብቻው የሚሠራ ከሆነ እኔ የምጠይቀው ተራ ይኸውላችሁ። ማጠንከር፣ ማቃናት፣ መላግና ግራይንድ ማድረግ የሚባል ሁሉ መጀመሪያ ይለቅ። ከዚያ ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ይበሳ፤ ይለጠጥ። ከተለጠጠ በኋላ በሪመር ወደ ልኩ ይምጣ፤ እጅጌው በተሰነጠቀበት በኩል ትንሽ ሸንተረር ስለሚቀር እሱን ሪመሩ ያነሳዋል። ለብሎን ራስ የሚሆን ጎድጓዳ ከተፈለገ አሁን ነው ጊዜው። ጠርዙ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለዝብ። ፒኒንግ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ለምን ፒኒንግ መጨረሻ? አንደኛ፣ ጥልቁ ቀድሞ ቀጭኑ ቢከተል ቀጭኑን የሚያበላሽ ነገር አይመጣም። ሁለተኛ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁ መግቢያ ፊት። ዘንጉ በገባበት በኩል የደከመውን ጭመቃ ፒኒንግ ከላይ ሲመጣ ይደግፈዋል። ሦስተኛ፣ ጠርዙ ሳይለዝብ ኳስ ቢመታው ከንፈሩ ወደ ቀዳዳው ይታጠፋል፤ የታጠፈ ከንፈር ደግሞ የተዘጋጀ ስንጥቅ ነው።

ተራው የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። ሁለት ክፍሎች ከተገጣጠሙ በኋላ አብረው የሚበሱ ከሆነ፣ የአውሮፕላን ክንፍ እንደዚያ ነው፣ ክፍሎቹ ፒኒንጋቸውን ጨርሰው፣ ቀለማቸውን ተቀብተው ይመጣሉ። ያኔ ቀዳዳው መጨረሻ ይበሳል፤ ግን ተበስቶ አይተውም፤ ወዲያው ይለጠጣል። መለጠጡ የተጋለጠውን ውጥረት ወደ ጭመቃ ይመልሰዋል። ከፒኒንግ በኋላ የሚበሳ ቀዳዳ የራሱ ሕክምና ይኑረው፤ ሕክምና ከሌለው አይበሳ። የእኔ ሻፍት ላይ እጅጌና ዘንግ አይሠራም ነበር፤ ቀዳዳዋ አላለፈችም። ጠርዟን አልዝቤ አፏን በጠንካራ ኳስ ብጫናት ግን ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። የክራንክ ሻፍት የዘይት ቀዳዳዎች አፍ የሚጫነው በዚሁ ምክንያት ነው። (አውሮፕላን ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ከእኔ ምርጫ በፊት መመሪያው ነው የሚገዛው። እዚያ ቤት ተራ በምርጫ አይቀየርም።)

ጭመቃን የሚያጠፋው ሙቀት ነው

ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ጭመቃ ሲሞቅ ይፈታል። ለፒኒንግ የሚጠቀሱት ጣሪያዎች፦ ብረት 245 ዲግሪ አካባቢ፣ አሉሚኒየም 93፣ ቲታኒየም 315። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዙና ከፒኒንግ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ መዝኑበት።

በዱቄት የሚቀባው ቀለም፣ ፓውደር ኮቲንግ፣ ምድጃው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ነው። የብረት ሞላ ከሆነ ያልፋል። አሉሚኒየም ከሆነ ፒኒንጉን በቀለም ቀየራችሁት። የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነከረው ጋልቫናይዝ 450 ዲግሪ ነው፤ መመዘንም አያስፈልግም፣ ጣሪያውን አልፎታል። ናይትራይድም እንደዚያው፤ ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ናይትራይድ ይቅደም። ብየዳ ከሁሉ ይብሳል።

ክሮም ለየት ይላል። ጠንካራ ክሮም ሲለበጥ በተፈጥሮው ጥቃቅን ስንጥቆች አሉት፤ ከሥሩ ያለውን ብረት ያደክመዋል። ስለዚህ ፒኒንግ ከክሮም በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ጠንካራ ብረት ከተለበጠ በኋላ የገባው ሃይድሮጅን እንዲወጣ በ190 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይጋገራል፤ ይህ ከ245 በታች ስለሆነ ፒኒንጉን አይነካውም። አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ቆዳ የሚያለብሰው አኖዳይዝም ያው ነው፤ አሉሚኒየሙ መጀመሪያ ይደብደብ፣ ከዚያ አኖዳይዝ ይሁን።

ባሌስትራና ክራንክ ሻፍት

አንድ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለሁለት የተከፈለ የባሌስትራ ቅጠል ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይቺን በይደህ ስጠኝ።»

«ጋሼ፣ ባሌስትራ አይበየድም።»

«ለምን? ብረት አይደል እንዴ?»

«ቢያያዝም አጠገቡ ይሰበራል። ደግሞ ይዩት፣ የተሰበረው መሃሉ ቀዳዳ ላይ ነው። ደክሞ ነው።»

«እኔም ደክሞኛል» አሉና ሳቁ። «አዲስ ስገዛ ምን ልይ በለኝ እንጂ።»

የነገርኳቸው ይህን ነው። ባሌስትራ ሲጫን የሚወጠረው ላይኛው፣ ጎድጎድ ያለው ፊቱ ነው። ጥሩ ፋብሪካ ያንን ፊት ይደበድበዋል፤ የተሻለው ደግሞ ቅጠሉን ወጥሮ ይዞ ይደበድበዋል፤ ጭመቃው ይበልጥ ይበረታል። ከቀለሙ ሥር ሲዳሰስ ብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ደብዛዛ ገጽ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። በግራይንደር ጭረት የተሞላ ከሆነ እለፉት። የመሃል ቀዳዳውን ጠርዝ በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ከንፈር ካለ ያልተለዘበ ነው። ቅጠሉን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት ዩ-ቦልቶች ሲላሉ ያ ቀዳዳ ዋናው ጭነት ውስጥ ይገባል፤ ባሌስትራ መሃሉ ላይ የሚሰበርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ማጥበቅ ነጻ ነው። የረገበ ባሌስትራ አሙቆ ቀጥቅጦ ማጉበጥ ግን ርካሽ ይመስላል እንጂ ፒኒንጉንም ጥንካሬውንም እሳት ውስጥ ትታችሁት ትመጣላችሁ።

ክራንክ ሻፍት ላይ ጥያቄው ሌላ ነው። ናይትራይድ የሆነውን ክራንክ በግራይንድ ወደ 0.25 አንደር ሳይዝ፣ ማለትም የአንገቱን ውፍረት በ0.25 ሚሊሜትር ቀንሳችሁ፣ ስታወርዱት ከእያንዳንዱ ወገን 0.125 ሚሊሜትር ይነሳል። ቆዳው ወፍራም ከነበረ ይተርፋል። አጭር ሰዓት የተሠራ ቀጭን ቆዳ ከሆነ ግን ያ ጠንካራ ነገር አብሮ ተጠርጓል፤ ከግራይንድ በኋላ እንደገና ናይትራይድ መሆን አለበት። ሮሊንግ የተደረገለት ከሆነ ማዕዘኑን አታስነኩ። ክራንኩን ስትረከቡ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁም ያንን የአንገቱን ማዕዘን ነው። ክብ ሆኖ መውረድ አለበት። የግራይንድ ድንጋዩ ሹል ጥግ ጥሎ ከሄደ ገንዘባችሁን ሳትከፍሉ ተከራከሩ።

ምን ልበላችሁ፣ የቱን ትግዙ?

የሚሰበረው ከቀዳዳ ከሆነ፣ ቀዳዳው የሚያልፍ ከሆነ፣ ብዛትም ካለው፣ መለጠጥ። የሚሰበረው ከገጽ ከሆነ ፒኒንግ። ክብ አንገት ከሆነ ሮሊንግ። ድካምና መፋቅ አብረው ካሉ ናይትራይድ። የት እንደሚሰበር ካላወቃችሁ ምንም አትግዙ፤ የተሰበረውን ቁራጭ ሳትጥሉ፣ ፊቱን ሳታሹ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡና ቅስቶቹን አብረን እናንብብ።

ዋጋ ስትቀበሉ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሥራው በተራ ይጻፍላችሁ። «ፒኒንግ፣ መብሳት፣ ቀለም» የሚል ወረቀት ካያችሁ እዚያው መልሱት። እኔ አሁን የመጣልኝን ሻፍት ከማሰሬ በፊት በሌንስ አየዋለሁ። ጥቃቅን ጉድጓድ ካለበት ትራፓኖውን አጥፍቼ ለባለቤቱ እደውላለሁ።